ነጭ የተቀባው ጫፍ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጥርስ ቆጣሪዋ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ጥፋተኛዋም አንቺ ነሽ። ባለፈው የላክሽልኝ በባትሪ የሚሠራው መለኪያ፣ ያ በትንሽ መስኮት ቁጥር የሚያሳየው ካሊፐር፣ ቤቴ ከገባ ጀምሮ ሰላም ነስቶኛል። አንደኛ ነገር ትንሽ ዝም ካሉት ይተኛል። ልክ እንደ አባትሽ ሠርግ ቤት። ለክቼ፣ ብረቱን አዙሬ፣ ተመልሼ ሳየው መስኮቱ ባዶ ነው፤ እንግዲህ ቀስቅሰው! የድሮው መለኪያዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላንቀላፋም። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹን ያወጣቸው ሰው ወይ ራሱ ጉንዳን ነው ወይ ለጉንዳኖች ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። ምን ነበር ትንሽ ቢያተልቋቸው? ለአምራቾቹ አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ "አጎቴ ተቀይሟችኋል" በያቸው። ማኅተም ከፈለጉ አውራ ጣቴን ግሪስ ውስጥ ነክሬ እልክላቸዋለሁ።

የእኔም ፊደል ተልቆ ካየሽው አትሳቂ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠሽ ስለምትውዪ፣ ዓይንሽ እንዳይደክም አዝኜልሽ ነው።

እሺ። ስለ ካሊፐር ይህን ያህል ያወራሁት ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ስለፈራሁ ነው። በስልክ ብደውልልሽ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሳቅሽን ስሰማ ቀልድ ብቻ ይመጣብኛል፤ ስናወራ ቆይተን ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አባትሽ እስከማውቀው ድረስ ደህና ነው። "እስከማውቀው ድረስ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጽፌዋለሁ።

የምጽፍልሽ ከሥራ ቤቴ ነው፤ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ። ከዚህ እስከ ግቢው በር ስምንት እርምጃ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ አሥር ጊዜ ተመላልሼ ለክቼዋለሁ። በግራዬ አሮጊቷ አለች፣ በቀኜ ጎረምሳው፤ ሁለቱም እንደ እኔ ጆሯቸውን አቁመው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አሮጊቷን አትረሻትም። ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ጎትቼ ያወጣኋት፣ በእጅ የምትዘወረው ትንሿ የብረት መላጊያ፤ የተማሩት ሼፐር የሚሏት። ስትመጣ ግማሽ አካሏ አልነበረም። ያ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ ብረቱን የሚልገውን ጭንቅላቷን እኔ ሠራሁላት፤ መዘውሯን ከተሰበረ የእጅ ወፍጮ ላይ ወሰድኩላት። ማን አስተማረህ ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ፊልም ቤት ውስጥ ፊልም ሳሽከረክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማሽኑ ሲቆም የሚጠግነው ሰው አልነበረም፤ ተመልካቹ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያፏጫል። ፉጨቱ ነው ያስተማረኝ።

ጎረምሳውን ግን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተወለደ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ እኔው የሠራሁት ሁለተኛው መላጊያ ነው። ሞተሩ የልብስ ማጠቢያ፣ አልጋው የሐዲድ ቁራጭ፣ ጠባዩ የአባትሽ። ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ማንንም አይሰማም።

የነጩን ቀለም ሕግ ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ሳጥን ላይ ቆመሽ የጊር ጥርስ እየቆጠርሽ "አንድ ይጎድላል!" ብለሽ ስታስደነግጪኝ፣ እኔ ደግሞ በምላሹ ስለ ብረት የማደነቁርሽ ነገር ነው። "ጥሩ ብረት ምልክት አያስፈልገውም፣ ራሱን ያስተዋውቃል" እልሽ ነበር። ከመኪና አክስል የሚወጣው ጠንካራው ምንም ሳይቀባ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከመስኮት ፍርግርግና ከአጥር የሚመጣው ለስላሳው ግን አንዱ ጫፉ ነጭ ይቀባል፤ አሮጊቷ ልጋ አራት ማዕዘን ካደረገቻቸው በኋላ ሁለቱ መንታ ናቸውና። ሲቆረጥ ደግሞ ሁልጊዜ ካልተቀባው ጫፍ ነው፤ ነጩ እስከ መጨረሻው ቁራጭ ድረስ ከብረቱ እንዳይለይ። አንድ ቀን ከነጩ በኩል መጋዝ ስታሳርፊ አይቼ በማስመሪያ እጅሽን መታሁሽ። ሁለት ቀን አኮረፍሽኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ መጥተሽ "ገባኝ" አልሽኝ። ምነው ያኔ መጋዙን ከእኔም እጅ በቀማሽኝ።

የዛሬ አሥር ቀን አባትሽ መጣ። ታውቂዋለሽ፣ ገና በሩን ሳይከፍት ስድብ ነው የሚያስቀድመው።

"አንተ የቆርቆሮ ሐኪም! አለህ?" ብሎ ከውጭ ጮኸ።

"አንተ ፍልፈል! ደግሞ ማን ከጉድጓድ አወጣህ?"

"ዊንቹ ነዋ። እሱም ታሟል፤ ለዚህ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁት።"

አሁን የሚቆፍረው ጉድጓድ ሃያ ስምንት ሜትር ደርሷል፤ ውሃ ገና ነው። ዊንቹን ታውቂዋለሽ፤ ገመዱን የሚጠቀልለው፣ ሁለት ሰው ላይ ሆኖ የሚዘውረው። ጎኑ ላይ ጥርስ ያለው ክብ ብረት አለ፤ ጥርሱ ላይ ጣት የምታክል የብረት ምላስ ትተኛለች። ገመዱ ወደ ላይ ሲሳብ ምላሷ ከጥርስ ወደ ጥርስ ቀጭ፣ ቀጭ እያለች ትዘላለች። የዘዋሪዎቹ እጅ ቢያመልጥ ጥርሱን ነክሳ የምትይዘው እሷ ናት። ከእሷ ሌላ የሚይዝ የለም። ያቺ ምላስ ጫፏ ተሸርፎ አባትሽ መዳፉ ውስጥ ይዟት መጣ።

"ለነገ ታደርስልኛለህ?"

"ለነገ? ሻይህን ሳትጨርስ!"

ጎረምሳውን ላሳየው ጓጉቼ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከመደርደሪያው አንድ ቁራጭ አነሳሁ። ሁለቱን ጫፎች አገላበጥኩ፤ ነጭ የለውም። ሞርሳ ላይ አሰርኩት፣ ጎረምሳውን አስነሳሁት። እንዴት አድርጎ እንደሠራው ብታዪ! አባትሽ ሻዩን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ ምላሷን እሳት ውስጥ ከትቼ ቀይ እስክትሆን አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኳት። ቀጥሎ የሚደረገውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሊማ፣ ያ ብረት መሞረጃው፣ ይሞከርባታል። ሊማው ከተንሸራተተ ጠንክራለች፤ ከነከሳት አልጠነከረችም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ያን ቀን ሊማውን አላነሳሁትም። ያመጣው መኪና ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል፤ አባትሽ "ቶሎ በል እንጂ" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ፎክሬያለሁ። የፎከረ ሰው ሰው ፊት ራሱን ይፈትናል እንዴ? በጨርቅ ጠርጌ ሰጠሁት።

ሊወጣ ሲል ዞር አለ። ለአንድ ጊዜ አልቀለደም።

"ወንድም ጋሼ፣ ይይዛል አይደል? ታች ያለሁት እኔ ነኝ።"

"ከአንተ ግትርነት በላይ ይይዛል" አልኩት። "ካልያዘ መጥተህ ስደበኝ።"

ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ይህችን ቃሌን ሳላምጣት ነው የዋልኩት። ካልያዘ እንዴት መጥቶ ይሰድበኛል?

ትናንት ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጠራችኝ። ባለፈው ወር የመስኮቷ ማጠፊያ ተሰብሮባት አዲስ ሠርቼላት ነበር፤ ከዚያው ከለስላሳው ብረት፣ ለመስኮት ይበቃልና። ዘይት ላጠጣላት ገባሁ። መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች፣

"አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ቀለሙን እንኳ ብትጠርገው ምን ነበረበት?" አለችኝ።

"የምን ቀለም እትዬ?"

"ነጩን ነዋ! ከመጋረጃዬ ጋር ሄዷል ብዬ ዝም አልኩህ እንጂ።"

"የት ላይ ነው?"

"አፍንጫህ ሥር! የካፖርት ቁልፍ ያክላል እኮ።"

እጄን ዘርግቼ ማጠፊያውን ዳበስኩት። ጫፉ ላይ ብረቱ ያበቃና ለስለስ ያለ ነገር ይጀምራል። አውራ ጣቴ አገኘው። መጀመሪያ ሳቅሁ። "ለውበት ነው የተውኩልሽ" አልኳት። ሳቄ ግን መሀል ላይ ቆመ።

ልጄ፣ ገባሽ? ማጠፊያውን የቆረጥኩት ከነጩ ጫፍ ነው። ነጩ ከማጠፊያው ጋር ሄዶ እሷ መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ የቀረው ለስላሳ ብረት ምልክቱን አጥቶ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ከጠንካሮቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ሃያ ቀን ያህል እዚያ ቆይቶ አባትሽ ሲመጣ እጄ እሱን አነሳ።

እንዴት ወደ ቤቴ እንደተመለስኩ አላውቅም። የዘይት ማጠጫውን እሷው መስኮት ላይ ትቼዋለሁ። ከአባትሽ ምላስ የተረፈችው ቁራጭ ጎረምሳው ሥር ወድቃ ነበር፤ ተንበርክኬ በእጄ ፈልጌ አገኘኋት። ምናልባት ተሳስቻለሁ፣ ምናልባት መደርደሪያው ላይ ሌላ ቁራጭ አለ ብዬ ራሴን አባበልኩ። አጋልኳት፣ ዘይት ውስጥ ነከርኳት፣ አቀዘቀዝኳት። ሊማውን አነሳሁ። መንሸራተት ነበረበት። ሳሙና ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ገባ።

ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ መቁጠር ጀመረ፤ ማስቆም አልቻልኩም። እንደ አንቺ ጥርስ ቆጣሪ ሆንኩልሽ። ከሃያ ስምንት ሜትር አንድ ባልዲ አፈር ሲወጣ ምላሷ ሁለት መቶ ጊዜ ትዘላለች። በቀን አርባ ባልዲ ይወጣል። ዘጠኝ ቀን ሠርተዋል። ለስላሳ ብረት በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ እሱ ነው ክፋቱ። በእያንዳንዱ ቀጭታ ጫፉ ትንሽ ትንሽ ይከባል፣ እንደተመጠጠ ከረሜላ። ድምፁ ያው ነው። ላይ ያሉት ሰዎች ምንም አይሰሙም። አንድ ቀን ጥርሱን ልትነክስ ትሄድና ትንሸራተታለች። ያቺ ቀጭታ የአፈር ባልዲ ላይ ትሁን ወይስ አባትሽ ላይ፣ ምላሷ አትመርጥም።

ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ ያለችዋ ሴትዮ "ሊያገኟቸው አይችሉም" አለችኝ። በዚያ ለስላሳ ድምፅ እንዴት አድርጋ እንዳለችው ብትሰሚ! ሃያ ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሃያ ጊዜ መለሰችልኝ፣ አንድም ጊዜ አልሰለቻትም።

መኪና ተራ ሄድኩ። ወንዙ ሞልቶ የድልድዩን አንድ ጎን ወስዶታል፤ ወደዚያ የሚሄድ መኪና የለም። እዚያ ቆሜ የማደርገው ሲጠፋኝ የከብት ሐኪሙ በሞተር ብስክሌቱ መጣ፤ በየመንደሩ የሚዞረው፣ ያ ቀጭኑ። ጉድጓዱ ያለበት መንደር በሞተር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልመናዬን ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎን ከኋላዬ አድርጌ ወንዙን አልሻገርም" አለኝ። "እርስዎም እኔም ዓሣ እንሆናለን።"

"እኔ ዋና እችላለሁ።"

"ሞተሩ አይችልም። የሚላክ ዕቃ ካለ ግን አደርሳለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ቤትዎ ብቅ ብዬ እወስዳለሁ።"

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት አለኝ ማለት ነው። ስመለስ ልብስ ሰፊዋ የዘይት ማጠጫዬን ይዛ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ተከትላኝ ገባች። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ምን ልያዝልህ?" አለችኝ።

ከአክስል ላይ በገዛ እጄ አዲስ ቁራጭ ቆረጥኩ፤ ከመደርደሪያው አንዱንም አላመንኩም። ጎረምሳውንም አላስነሳሁትም። አሮጊቷ ዘንድ ሄድኩ። እሷን በእጅ ስትዘውሪያት ብረቱ ምን እያለ እንደሆነ ክንድሽ ላይ ይሰማሻል፤ ለዚህ ነው። ቢላዋው ወደፊት ሲሄድ ጠንካራው ብረት ያቃስታል፣ ክንዴን ይገፋዋል፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሬ ላይ ይወድቃል። ይህ ነው፣ ይህ ነው እያልኩ ዘወርኩ። ያን ቀን ከጎረምሳው ጋር ስሠራ ክንዴ ምንም አልነገረኝም፤ ሞተሩ ነበር የሚሠራልኝ።

ልኩን ካሊፐርሽ ላይ የምታነብልኝ እሷ ነበረች።

"አሥራ ስድስት ነጥብ... ተኛ!"

"ቀስቅሺው እትዬ!"

"አሥራ ስድስት ነጥብ ሦስት። ይህ ነገር እንደ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ጠይቄው ሳይመልስልኝ ያንኮራፋ ነበር።"

በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ካሊፐሩን አላስቀመጠችውም። ወደ ፊቴ አስጠጋችው።

"አንተ ራስህ አንብበው እስቲ።"

"እጄ ግሪስ ነው።"

"በእጅህ አይደለም የሚነበበው። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"አትቀልድብኝ።"

መዘውሩን ማዞር ቀጠልኩ። ካሊፐሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ፣ "ለልጅቷ ጻፍላት" አለችኝ። "ነገ ጠዋት ካልጻፍክ እኔ እጽፍላታለሁ። እኔ ስጽፍ ደግሞ ቀልድ የለውም።"

አጋልናት፣ ነከርናት። ሊማውን ለእሷ ሰጠኋት። ሦስት ቦታ ላይ ሞከረችው። "ይንሸራተታል" አለች። እኔ ራሴ ደግሞ አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ እንደ መስታወት ነው። ማስታወሻውንም እሷ ናት የጻፈችው፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ። "የድሮዋን ምላስ አሁኑኑ አውጣት። ከእንግዲህ አንዲት ጊዜ እንኳ እንዳትወርድባት። ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንድምህ።" የከብት ሐኪሙ አሥር ሰዓት ላይ መጣ፤ ዕቃዋን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ "ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሼ እነግርዎታለሁ" ብሎኝ ሄደ። የሞተሩን ድምፅ ኮረብታው እስኪውጠው ድረስ ቆሜ ሰማሁት።

አሁን አራት ሰዓት አልፏል።

አባትሽ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚወርደው፤ ገና ሲነጋ፣ አፈሩ ሳይሞቅ። ሐኪሙ ማታ ደርሶ ከሆነ ምንም የለም። ወንዙ ከልክሎት ከሆነ ግን አባትሽ አሁን ታች ነው። ወይ አሁን እየወጣ ነው። ይህን ስጽፍልሽ እስኪብርቶው ወረቀቱ ላይ ሲንኳኳ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ አስቀምጬው ተነሳሁ። ሞተር ሰማሁ ብዬ በር ድረስ ሄድኩ፤ የልብስ ሰፊዋ መኪና ነው። እሷም ስፌቷን ለማፍጠን እየፈራች ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ትሰፋና ታቆማለች፣ ትሰፋና ታቆማለች። በየመሀሉ በመስኮቷ "መጣ?" ትለኛለች። "አልመጣም" እላታለሁ። ያቺ ነጭ ቀለም ያለባት ማጠፊያ በየጊዜው ሲጥ ትላለች፤ ዘይቱን ሳላጠጣት ቀረሁ።

ክፉ ወሬ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶሽ ከሆነ፣ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ነው ሁሉንም የጻፍኩልሽ። ገመዱ አረጀ ይሉሽ ይሆናል፣ ዘዋሪዎቹ ተዘናጉ ይሉሽ ይሆናል። አይደለም። አጎትሽ ከነጩ ጫፍ ቆርጦ ነው። አንቺን በማስመሪያ የመታሁበትን ነገር እኔው አደረግኩት። ስለ እጅሽ ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር፤ ግን የሚያስፈልገኝ ይቅርታ ከዚያ የሚተልቅ እንዳይሆን እየፈራሁ ነው።

ነጩን ለምን እንዳላየሁት ትጠይቂኝ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ ጻፍላት ያለችኝ እሱን ነው። የመብራቱ ነገር ነው። ሥራ ቤቱ ጨለማ ነው፣ አምፖሉ ደክሟል፣ መስኮቱም አቧራ ይዞታል። ትናንት ማታ መስኮቱን በሳሙና አጠብኩት። ዛሬም ያው ነው። እሱን ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን አንድ ፍርሃት ይበቃኛል።

አንቺ ግን ሥራሽን እንዳትተዪ፣ ሮጠሽም እንዳትመጪ። ምግብሽን ብይ። እነዚያ ብቻቸውን የሚሠሩት ማሽኖችሽ ቆመሽ ስታዪአቸው እንዳይኮሩብሽ አልፎ አልፎ ስደቢያቸው። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፤ ማንም ውጭ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ማንም ቶሎ በይ ቢልሽ፣ ሊማውን ሳታነሺ ዕቃ ከእጅሽ እንዳይወጣ።

የለካሽው ሁሉ ይግጠምልሽ። ጣቶችሽ አሥርም ሆነው ይክረሙ። የምትንጠለጠዪበት ነገር ሁሉ የሚይዝ ይሁን፤ በእኔ እጅ ያልተሠራ ይሁን ልልሽ ነበር፣ ግን አሮጊቷ ትቀየመኛለች። አባትሽን አምላክ ከዚያ ጉድጓድ በእግሩ ያውጣልኝ፤ አንቺንም በደስታ ቀን ያገናኘን።

የሚወድሽ፣ የሚያበሽቅሽ
አጎትሽ

ቆይ። የግቢው በር ተከፈተ።

ሞተር አልሰማሁም። በእግሩ የመጣ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው፣ ወይም ልብሱ የጭቃ መልክ አለው። ረጅም ነው። አባትሽም ረጅም ነው፤ መርዶ ነጋሪም ረጅም ይሆናል። ሐኪሙ አይደለም፣ ሐኪሙ ቀጭን ነው። አባትሽ ቢሆን ገና ከውጭ ይሳደብ ነበር። ይህ ሰው አይናገርም። እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዟል። ወደዚህ እያየ ነው መሰለኝ። እኔም እያየሁት ነው። ፊቱ ያለበት ቦታ ጭጋግ ነው።

ለምን አይናገርም? ልጄ፣ ለምን አይናገርም?

በመስኮቱ "ማን ልበል?" አልኩት።

ትንሽ ቆየና የያዘውን ነገር በሩ ብረት ላይ መታው። ዱብ አለ፤ እንደ እንጨት። ጠንካራ ብረት ይጮሃል፣ ይህ አልጮኸም። የእኔው ምላስ ናት። ከዊንቹ ላይ ወጥታለች።

"ወንድም ጋሼ" አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። "ይኼ ብረት ነው ማስቲካ? ሐኪሙን ከነሞተሩ ወንዙ ማዶ አስቀርቶታል፤ እኔ ሌሊቱን በእግሬ ልሰድብህ መጣሁ።"

አባትሽ ነው። በሕይወት አለ፣ በእግሩ ቆሟል፣ ሊሰድበኝ መጥቷል። ግን ስድቡን አልቀጠለም። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ለምን ዝም ብሎ ሲያየኝ እንደቆየ አሁን ገብቶኛል፤ ማስታወሻው በእኔ እጅ አለመጻፉን አይቶ፣ ላውቀው እችል እንደሆነ እየፈተነኝ ነበር።

ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ ያልኩሽ ይህ ነበር። ስምንት እርምጃ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የእናቴን ልጅ ማን ልበል አልኩት።